ለበረሃ የተሠራ ሹራብ

ልጄ፣ የዚያ የበረሃ ከተማ ፀሐይ ይራራልሽ፤ አዲሱ ቤትሽ የሳቅ ቤት ይሁንልሽ። እኛ ደህና ነን። አባትሽ ራት ሲቀርብ አሁንም ያንቺን ወንበር ይስባል።

ሹራብሽን ስሠራ ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን «ለበረሃ ሹራብ? ምነው እትዬ፣ የዝናብ ጃንጥላም ይጨምሩላት እንጂ!» ብላ ስትስቅብኝ፣ አንቺም አብረሽ ስቀሽ ትተሽው ሄድሽ። ትናንት በስልክ «እማዬ፣ የቢሮው ማቀዝቀዣ አንቀጥቅጦ ሊገድለኝ ነው» ስትዪኝ፣ ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ።

ትንሽ ሳለሽ ክሩን በሁለት እጅሽ ዘርግተሽ ትይዢልኝ ነበር፤ እኔ ጠቅልዬ ሳልጨርስ እንቅልፍ ይዞሽ ጭኔ ላይ ድፍት ትያለሽ።

አሁን የሹራቡን ትከሻ ተርትሬ እያጠበብኩት ነው፤ የሄድሽ ቀን ሳቅፍሽ ከስተሽብኝ ነበር። ጤናሽን ያብዛልኝ። ብቻ እውነቱን ንገሪኝ፤ ሞላ ብለሽ ከሆነ መልሼ ብተረትረው ደስታዬ ነው።

እናትሽ