ወደ ላይ እዪ

ጥቅምት 6

ዛሬ የነርሲንግ ተማሪዎቼን የዓይን ጉድጓድ አስተማርኩ። አንዱ የራስ ቅሉን ሲያነሳ አውራ ጣቱን ጉድጓዱ ውስጥ አልሰካውም? ጮህኩበት። ጠርዙ ላይ ያዝ! ጠርዙ ጠንካራ ነው፣ ወለሉ ግን እንደ ደረቅ ቅጠል ነው። ሰባት አጥንት ተጋግዞ የሠራው ቤት ወለሉ እንዲህ መሳሳቱ ይገርማል አልኳቸው። ከኋላ አንዷ፣ "መምህር፣ ኮንትራክተሩ ሲሚንቶ በልቶ ነው" አለች። እኔም መሳቅ ሳልፈልግ ሳቅኩ።

ልጄ ጭራሮ እራቷን ሳትጨርስ ተነሳች። ስሙን ያወጣላት አባቷ ነው። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ አሁንም ንፋስ የሚወስዳት ትመስላለች።

ጥቅምት 8

ከትምህርት ቤት ተደወለ። ኳስ ስትጫወት የጓደኛዋ ክርን ግራ ዓይኗን መታት። ክው አልኩ። ጋውኔን እንኳ ሳላወልቅ በረርኩ።

ደም የለም። የዓይኗ ነጭ ንጹሕ ነው። የዓይን ቆቧ ትንሽ አብጧል፣ በቃ። ጠርዙን ዙሪያውን በጣቴ ዳሰስኩት... የተሰበረ ነገር የለም። ተመስገን! ለአባቷ ደውዬ "ምንም አልሆነችም" አልኩት። "አንቺ ካልሽ እሺ" አለኝ።

መንገድ ላይ አስታወከች። ድንጋጤ ይሆናል።

ጥቅምት 9

የሆስፒታል ኮሪደር ላይ ነኝ።

ጠዋትም ስታስታውክ ነበር። ተረኛ ሐኪሙ ጋ ወሰድኳት፣ "ጭንቅላቷ ተናውጦ ይሆናል፣ ትረፍ" አለ። እኔም እንደ ተማሪ ራሴን ነቀነቅኩ። ከዚያ ቤት ተኝታ እያለች፣

"እማ፣ የላይኛው ጥርሴ የኔ አይመስለኝም። ከንፈሬም ደንዝዟል።"

ጥርስ? ዓይኗን ተመትታ ጥርስ ምን አገባው?... ቆሜ ቀረሁ። ለጉንጭ፣ ለከንፈርና ለላይኛው ጥርስ የሚሄደው ነርቭ የሚያልፈው በዓይን ወለል ውስጥ ነው። "ወደ ላይ እዪ" አልኳት። ቀኙ ወጣ። ግራው መሐል ላይ ቆመ... ቀጥ! ላብ በላብ ሆነች፣ አስታወከች። የእጇን ትርታ ብይዘው ዝግ ብሏል።

የአዋቂ ወለል ይሰባበራል። የልጅ አጥንት ግን ይጎብጣል፣ ይከፈትና ዓይንን የሚያንቀሳቅሰውን ጡንቻ ነክሶ መልሶ ይዘጋል። ማስታወኩም የልብ ትርታው መዘግየቱም የተነከሰው ጡንቻ ሲሳብ የሚመጣ ነው። ዓይኑ ነጭ እንደሆነ ይቀራል። የማስተምርበት የራስ ቅል የአዋቂ ነው፣ ደረቅ ነው፣ ጡንቻ የለውም። የገዛ ልጄንም እንደ እሱ ጠርዟን ብቻ ዳሰስኳት!

የዓይን ቀዶ ጥገና ሐኪሟ ሳትቀመጥ ነው ያነጋገረችኝ።

"መቼ ነው የተመታችው?"

"ትናንት ከሰዓት።"

"ጡንቻው ተይዟል። ዛሬውኑ እንገባለን። ከቆየ ይሞታል።"

"ወደ ላይ ማየቷ ይመለሳል?"

"ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ግን አልምልልዎትም፣ መምህር።"

አባቷ አጠገቤ ተቀምጧል። "ምንም አልሆነችም ብለሽኝ ነበር እኮ" አለ፣ ቀስ ብሎ። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥቅምት 10

ጡንቻውን አላቀውታል። ጠቁሯል፣ ግን አልሞተም አለች ሐኪሟ። ይበቃል? እንጃ።

ጥቅምት 21

ፊት ለፊት ስታይ ጣቴ አንድ ነው። ከፍ ሳደርገው ሁለት። ሐኪሟ "ጊዜ ይስጡት" ትላለች... ስንት ጊዜ? ደረጃ ስትወጣ በዓይኗ ፈንታ አገጯን ታነሳለች። ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ስታይም እንዲሁ ታደርጋለች አሉኝ አስተማሪዎቿ፤ ልጆቹ "ኩራተኛዋ" ብለዋታል። እንዲህ ሆና ብትቀርስ?

ከቁርስ በፊት እፈትናታለሁ። ከትምህርት ቤት ስትመለስም። "እማ፣ እንደገና?" ትላለች። አባቷ ደግሞ፣ "ኧረ ልጅቷን አታሰቃዪያት፣ ጣትሽ ሊያልቅ ነው።"

ይቀልዳል። እሱም ግን በስርቆት ያያታል፤ አይቼዋለሁ።

ኅዳር 3

ዛሬ እምቢ አለች። ጣቴን ሳነሳ ዓይኗን ጨፈነች። ተናደድኩ፣ ቀጥሎ ፈራሁ። የምትደብቀኝ ነገር ይኖር ይሆን?

ኅዳር 12

ቁርስ ላይ ነበርን። ሰሞኑን ዓይኔን አላስፈትንም ብላኛለች፤ እኔ ግን አላስችል ብሎኝ ጣቴን አነሳሁ።

"ወደ ላይ እዪ።"

"እማ፣ ሻዬ እየቀዘቀዘ ነው።"

"አንዴ ብቻ፣ የኔ ቆንጆ።"

"ትናንትም አንዴ ብቻ ብለሽ ነበር።"

"በናትሽ!"

እንደ ትልቅ ሰው ኡፍ ብላ ተነፈሰች። ከዚያ አገጯን ሳታነሳ፣ ዓይኗን ወደ ኮርኒሱ ገለበጠችብኝ።

አባቷ ማንኪያውን አስቀመጠ። "አንቺ! እናትሽ ላይ ነው ዓይንሽን የምትገለብጪው?"

እሱ ስድነቷን ነው ያየው። እኔ ግን... ሁለቱም ወጡ። ቀኙም ግራውም፣ እኩል፣ ጥቁሩ ቆቡ ስር ሊገባ እስኪደርስ። ማመን አቃተኝ። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ።

"ተዋት" አልኩት። ክንዱን ያዝኩት። ወደ እሷ ዞርኩ።

"እስቲ ድገሚው፣ አንቺ ባለጌ።"