የመጋቢት በረዶ

ውድ ላቮን፣

በረዶ ተሰብሮ ሐይቅ ውስጥ ገባች መባሌን ሰማሁ። ሐሰት ነው። የገባው ወንድሜ ኬርሚት ነው፤ እስከ ብብቱ።

በረዶ በሠራው ሐይቅ ላይ ዓሣ ልናጠምድ ስንወጣ በረዶውን በመሰርሰሪያ በስቶ ለክቶት ነበር። «ከክንድ በላይ ነው፣ አንቺ ፈሪ! ቤተ ክርስቲያን ይሸከማል» አለኝ። ልኩስ ትክክል ነበር፤ የመጋቢት ፀሐይ ግን ውስጡን እንደ ጧፍ እስር ለያይታው ኖሯል። ዋልአይ የሚሉትን ዓሣ ከቀዳዳው ሲጎትት በረዶው ድምፅ ሳያሰማ እግሩ ሥር ተከፈተ። የሐይቃችን በረዶ ሌላ ጊዜ እኮ ከመሰበሩ በፊት ይጮኻል! በደረቴ ተኝቼ ገመድ ወርውሬ አወጣሁት። እሱ አሁን ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ «ዓሣው አመለጠኝ፤ ነገ እመለስበታለሁ» ይላል።

ወረቀቱ ጠበበኝ፤ ባለቤትሽን ክላረንስን ሳሚልኝ። ነገ መጀመሪያ የኬርሚትን የመኪና ቁልፍ እደብቃለሁ፤ ቀጥሎ መሰርሰሪያውን ለጎረቤት እሰጣለሁ፤ ከዚያ ወንድሜን አቅፌ አለቅሳለሁ።

አርዲስ