ሊጥ በሌለበት ቤት የሊጥ ሽታ

ይድረስ ለማከብርዎት አባቴ፣

አባባ፣ እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎ የጎባን ብርድ እንዴት አድርጎ ቻለልኝ? እማዬስ እንዴት ናት? ደም ግፊቷ ዝቅ አለላት ወይስ አሁንም ተደብቃ ጨው ትነሰንሳለች? ፀደንያስ? ጊደሯስ ወለደች? እኛ፣ ናፍቆት በሽታ ነው ካልተባለ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደኅና ነን። ሰፈራችን አያትም ሰላም ነው። ውሃው በፈረቃ፣ መብራቱም እንደ ፈቃዱ ይመጣል፤ ይኼ ለእኛ ሰላም ነው።

ይህን ሁሉ በስልክ ልነግርዎት አስቤ ነበር። ነገር ግን የወፍጮው ጩኸት የበላው ጆሮዎ ስልክ ላይ "ሃሎ፣ ሃሎ፣ ማን ልበል?" ከማለት አልፎ እንደማያውቅ ሁለታችንም እናውቃለን። ዓይንዎ ግን ስሙ ይመስገን የዳዊቱን ፊደል ያለ መነጽር ይለቅማል። በዚያ ላይ የምጽፍልዎት ስለ ማሽን ነው፤ ስለ ማሽን ደግሞ ከእርስዎ ሌላ ማንን ላዋይ?

አምሃ ባለፈው ክረምት አገር ለቆ ከሚሄድ የሥራ ባልደረባው አንድ የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ገዝቶ ነበር። የልብሱን ዓይነት አይደለም አባባ፤ ይኼኛው ሰሃን፣ ብርጭቆና ማንኪያ የሚያጥብ ነው። መጀመሪያ ሲመጣ ሰሃኑን እንደ ልብስ እያሽከረከረ የሚያጥብ መስሎኝ የሠርጋችንን ሰሃኖች አልጋ ሥር ደብቄያቸው ነበር። ለካ ሰሃኑ ከቦታው አይነቃነቅም፤ የሚዞረው ውሃው ነው! ከታች ወንፊት የመሰለ ማጣሪያ አለ፤ ከማጣሪያው ሥር ፓምፕ አለ። ፓምፑ ሙቁን ውሃ ወደ ላይ ሲገፋው ቀዳዳ ባላቸው ሁለት ክንፎች በኩል ይረጫል፤ ክንፎቹን የሚያዞራቸውም ሞተር ሳይሆን ራሱ የሚፈናጠረው ውሃ ነው። ያው ውሃ ወርዶ በማጣሪያው ያልፍና እንደገና ይወጣል። ይህን የተረዳሁ ዕለት የተሰማኝን ደስታ ከእርስዎ በቀር ማንም አይረዳልኝም። ደግሞም ጨው ይበላል። ሆዱ ውስጥ የጨው ጉድጓድ አለው፤ ውሃውን ለማለስለስ ነው እንጂ ሰሃኑን ለማጣፈጥ አይደለም። የአምሃ እናት እማማ የማርያምወርቅ ይህን ሲሰሙ "ጨው ከላሰማ ነገ ደግሞ ሳር አምጡ ይላል" አሉ።

እማማ አምና እንጦጦ ማርያም ሥር ካለው ቤታቸው ሲወርዱ ቁልቁለቱ አንሸራትቷቸው የእጃቸው አንጓ ከተሰበረ ወዲህ ከእኛ ጋር መሆናቸውን ያውቃሉ። መጀመሪያ እስኪድኑ ነው ብለው ነበር የመጡት፤ እኛ ግን እንዲቀሩ ነበር ፍላጎታችን። እሳቸው ከመጡ ወዲህ ከሥራ ስገባ ቤቱ ውስጥ የሚጠብቀኝ ሰው አለ። ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው አባባ።

በጾሙ መግቢያ እማማ የቅበላውን ዕቃ ሁሉ አወጡና፣ አመዱን ከየት እንዳመጡት እንጃ፣ በአንድ ደኅና እጃቸው እየፈተጉ ለጾም አጠቡት። ሲጨርሱ ማሽኑን በአገጫቸው ጠቆሙና "ዕቃውን ሁሉ እሱ ያጥባል፤ እሱንስ ለጾም ማን ያጥበዋል?" ሲሉ ጠየቁ። አምሃ ሳቀ። ሳሙና ሲጠጣ የሚውል ነገር ምን ቆሻሻ ይኖረዋል ብሎ መለሰላቸው። እኔም የተማርኩ ነኝና አብሬው ሳቅሁ።

ሳምንት ቢሆን ነው፣ ከሥራ ስመለስ እማማ "ነፃነት፣ ሊጥ አቡክተሻል እንዴ?" አሉኝ። አላቦካሁም። እንጀራ ከጎረቤት ነው የምንገዛው፤ እኛ ቤት የቡሆ ዕቃ እንኳን የለም። በማግሥቱም ጠየቁኝ፤ ከዚያም ወዲያ። "ሊጡ ኮምጥጧል፣ አንድ በይው እንጂ" አሉኝ በመጨረሻ ቆጣ ብለው። እኔም አምሃም ጓዳ ጎድጓዳውን አሸተትን፤ ምንም የለም። ምሽት ላይ ከእንጦጦ የሚወርደው ነፋስ ቤቱን ጠርጎት ከባሕር ዛፍ ሽታ ሌላ የሚሸት ነገር አልነበረም።

አምሃ ፊቱ ተለዋወጠ። ለካ የእማማ እናት፣ አያቱ ማለት ነው፣ በስተርጅና አእምሯቸው የተወሰደው እንዲሁ ሲጀምራቸው ነበር። የሌለ ጭስ ይሸታቸው ነበር፤ ኋላ የገዛ ልጆቻቸውን "የማን ልጅ ነሽ?" እስከማለት ደረሱ። ያስታመሟቸውም እማማ ራሳቸው ናቸው። አምሃ ይህን ለእኔ ብቻ በሹክሹክታ ነግሮኝ ሐኪም ቤት ደወለና ቀጠሮ ያዘ። በረንዳ ላይ ሆኖ "እናቴ የሌለ ነገር ይሸታታል" ሲል መስኮቱ ክፍት ነበር።

እማማ ሰምተው ኖሮ ነገሩን ሆድ ይፍጀው አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስለ ሊጥ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። በነጠላ ልብሳቸውን ቋጠሩና አልጋቸው ራስጌ አኖሩት። ለሆሳዕና ቤቴ እገባለሁ አሉ። ቤት ሰው ካላደረበት ይፈርሳል አሉ፤ ዶሮዎቹን ጎረቤት አስርቧቸዋል አሉ፤ ብቻ ምክንያት አላጡም። አምሃ ለመነ፣ ተቆጣ፣ ደግሞ ለመነ። እዚያ ዳገት ላይ ብቻቸውን ምድጃ አንድደው የሚረሱት ቀን እየታየው እንቅልፍ አጣ። እኔም ፈራሁ አባባ። ብይዛቸው ቤቴን እስር ቤት አደረግሁባቸው፤ ብለቃቸው ደግሞ ምን ሊሆኑ ነው?

በዚህ መሐል ማሽኑ ቆመ። ያጠበበትን ውሃ አልደፋም ብሎ ሆዱ ውስጥ አቆረውና መብራቱን ያርገበግብ ጀመር። ያስጠራነው ጠጋኝ በስልኩ ባትሪ አየት አደረገና ፓምፑ ተቃጥሏል፣ መለዋወጫው ከውጭ እስኪመጣ ጠብቁ አለን። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኼ ነው። አምሃ ለቁራሌው እንስጠው አለ። እኔ ግን ውስጡን ሳላየው ከዚህ ቤት አይወጣም ብዬ ቆረጥኩ። ልጅዎ አይደለሁ?

ቅዳሜ ዕለት አምሃ ቀብር ሲወጣ ቀሚሴን ሸብ አድርጌ ተቀመጥኩ። እማማ ከኋላዬ በርጩማ ላይ ሆነው ወስፌያቸውን ይዘው ስፌታቸውን ይሰፋሉ። መጀመሪያ እንደ እርስዎ የካቻቢቴውን ጫፍ ከማሽኑ፣ እጀታውን ከጆሮዬ አድርጌ አዳመጥኩ። "የተቃጠለ ሞተር አያምጥም፤ ካማጠ የያዘው ነገር አለ" ይሉን አልነበር? ያምጣል አባባ! እህህ እያለ ያምጣል እንጂ አይዞርም። ደስ ብሎኝ ብቻዬን ሳቅሁ። ከዚያ መብራቱን ከቆጣሪው አጠፋሁ፣ የቆረውን ውሃ በኩባያ ቀድቼ በጨርቅ መጠጥኩት፣ የታችኛውን መደርደሪያ አወጣሁና ማጣሪያውን እንደ ጠርሙስ ክዳን አዙሬ ብድግ አደረግሁት።

ከሥሩ የወጣውን ሽታ ማን ያውራ የነበረ ነው። እርሾ! በየሰሃኑ ጠርዝ የሚቀረው የእንጀራ ፍርፋሪ ወርዶ ወርዶ፣ ረጥቦ፣ ላልቶ፣ ወፍራም ጥቁር ሊጥ ሆኗል። ላዩ ላይ አረፋ ሠርቷል፤ ልክ እንደ ሌላው ሊጥ ኩፍ ብሏል። የተከደነ ነው፣ ሙቅ ውሃ በየቀኑ ይጨመርበታል፤ ጤፍ እዚያ ውስጥ ገብቶ ከመቡካት ሌላ ምን ይሥራ? ማሽኑን የሠሩት ሰዎች እንጀራ አያውቁም፤ እኛ ደግሞ ማሽኑን አናውቅም። በመካከሉ ሊጡ ቦካ። ደግሞም የወጥ ቤታችን መስኮት ወደ ምዕራብ ነው። ከቀትር በኋላ ፀሐይ ማሽኑን ስታገኘው ይሸታል፤ ያን ጊዜ ቤት የሚውሉት እማማ ብቻ ናቸው። እኛ ስንገባ ቀዝቅዟል፣ ነፋሱም ጠርጎታል።

ዘወር ስል እማማ ቆመዋል። ስፌቱ ከእጃቸው ወድቋል። መጥተው አጠገቤ ጎንበስ አሉ፣ በጣታቸው ነካ አድርገው አሸተቱት፣ ደግመው አሸተቱት። "እንግዲያው አላበድኩማ" አሉ።

ከዚያ ወለሉ ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ። ለካ ከእኛ በላይ የፈሩት እሳቸው ነበሩ። ወደ እንጦጦ ሊሄዱ የፈለጉት ለቤቱም ለዶሮዎቹም አልነበረም። "እናቴ ላይ ያየሁትን ልጄ እኔ ላይ እንዳያይ ብዬ ነው" አሉኝ። በዚያ ሊጥ በለወሰው እጄ አቀፍኳቸው፤ አብሬያቸውም አለቀስኩ። አንዲት ማጣሪያ ለማጠብ ሰንፈን፣ እማማን በገዛ አእምሯቸው አስጠርጥረናቸው ከረምን አባባ።

ሥራው ግን አላለቀም ነበር። ማጣሪያው በደንብ ሳይገጠም ቀርቶ ይሁን እንጃ፣ ከፓምፑ ክዳን ሥር ትንሿን መዘውር የያዘ ነገር አገኘሁ። በፒንሳ ስቤ ሳወጣው የዶሮ አጥንት ነው። የቅበላው ዶሮ! በዐቢይ ጾም ግማሽ! በመዳፌ ጨብጬ ልደብቀው ስል እማማ "አሳዪኝ" አሉ። አሳየኋቸው። እንባቸውን እየጠረጉ ሳቁ፤ ወንበሩን ይዘው ሳቁ። "ይኸው፣ በዶሮ መረቅ ታጥበን ስንጾም ከረምን! ማሽን የበላው ለሰው ይቆጠር እንደሆነ አባ ወልደ ኢየሱስን እጠይቃለሁ" አሉ። ንስሐ አባታቸው ምን እንደሚመልሱ እኔም ለማወቅ ቸኩያለሁ።

የክንፎቹን ቀዳዳ በእማማ ወስፌ አንድ በአንድ ጠረግን። አመድ እንጨምር ብለው ነበር፣ ከብዙ ክርክር በኋላ በአቼቶና በፈላ ውሃ ተስማማን። ማሽኑን ባዶውን ስናስነሣው ውሃውን ጎልጎል አድርጎ ደፋ። ስለዚህ አንድ ማሽን ለመጀመሪያ ጊዜ ለጾም ታጠበ ማለት ነው። አሁን ማጣሪያውን በየምሽቱ የሚያጥቡት እማማ ናቸው፤ ማንንም አያስነኩም።

አምሃ ከቀብር ሲመለስ ምንም ሳልነግረው በሰሃን ያስቀመጥኩትን ሊጥ አስሸተትኩት። ገባው። ሄዶ እናቱ ጉልበት ላይ ተደፋ፤ ራሱን ዳበሱት። ነጠላው ተፈትቷል፤ ልብሱም ቁም ሣጥን ገብቷል። ለሆሳዕና እንጦጦ ወጥተን ተሳልመን፣ ዶሮዎቻቸውን ይዘን አብረን እንመለሳለን።

እንግዲህ የእማዬን ጉልበት ሳሙልኝ፤ ጨውን ለማሽን ትተወው በሉልኝ። ጊደሯን ዳብሱልኝ። አምሃና እማማ ለሁላችሁም ሰላምታቸው ይድረስ ብለዋል። ወፍጮውን ከእርስዎ ለተረከበው ለጅሬኛም ከነቤተሰቡ ሰላም በሉልኝ፤ ለእሱም አንድ ልመና አለኝ፣ የወፍጮው መሠረት ላይ ያሉትን ቡሎኖች ይፈትሽልኝ። እኅቴ ፀደንያ፣ ሰላም ላንቺ ይሁን። ባለፈው ስንደዋወል "አባባ ከወፍጮው ወገን ያለው ወለል እግሬ ሥር ይንቀጠቀጣል ይላሉ፤ መቼም እርጅና ነው" ብለሽኝ ነበር። እስቲ ወፍጮው ሲፈጭ ጫማሽን አውልቂና አባባ አጠገብ ቁሚ።

ልጅዎ ነፃነት

የካ፣ አያት፣ አዲስ አበባ
መጋቢት 21 ቀን 2018 ዓ.ም.