በረንዳውን አስከፍቼዋለሁ

ውድ ልጄ፣

በስልክ ልነግርህ ብሞክር አታስጨርሰኝም። “እሺ እማዬ፣ በቃ እማዬ” ትልና ሌላ ወሬ ታመጣለህ። ደብዳቤ ግን አይቋረጥም። በመጀመሪያ የምትቆጣበትን ልንገርህና ይውጣልኝ፦ ቆልፈኸው የሄድከውን የበረንዳ በር ትናንት ቁልፍ ሠሪ ጠርቼ አስከፍቼዋለሁ። አዲሱ ቁልፍ ያለው እኔ ጋ ብቻ ነው።

ጎረቤታችን ደውላልህ እንደመጣህ አውቃለሁ። “እናትህ ብረቱን ተደግፋ ቁልቁል ስታይ ትውላለች፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ሁኔታዋ አላማረኝም” ብላሃለች። አልተቀየምኳትም። ደግ ሴት ናት፤ ብቻ ምላሷ ከእግሯ ይቀድማል። አንተም ሥራህን ጥለህ ከነፍክ። በሩን ስትቆልፍ ያልከለከልኩህ ፈርቼህ ሳይሆን አሳዝነኸኝ ነው።

“እማዬ፣ እዚያ ታች ምን አለ?” አልከኝ።

“ሰው አለ።”

“ሰውማ ወርደሽም ታይዋለሽ።”

መልሱን አሁን አግኝቼዋለሁ።

አባትህ ከፍታ ይፈራ እንደነበር ታውቃለህ? አታውቅም፤ ደብቀንሃል። ያ በር የሚሞላ ሰው፣ ተሳቢ መኪና በጠመዝማዛ መንገድ እንደ አሻንጉሊት የሚያሽከረክር ሰው፣ የኮንዶሚኒየሙ ዕጣ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ሲጥለን ፊቱ አመድ መሰለ። በረንዳውን በአሮጌ ዕቃ የሞላው እሱ ነው። ብርሃን የማያስገባውን መጋረጃ ያሰፋኝም እሱ ነው። እንግዳ መጥቶ “ምነው በጨለማ?” ሲል “ነፋሱ አይስማማኝም” እያልኩ በራሴ አሳብብለት ነበር። ባሌን በሰው ፊት ማሳጣት አልወድም። ግን ልጄ፣ ገመናውን ስሸፍንለት ኖሬ ኖሬ ፍርሃቱ የራሴ መሰለኝ።

እሱ ካረፈ በኋላ አንድ ቀን ብርድ ልብስ አጥቤ ላሰጣ ወጣሁ። ዕቃውን ገፋ ገፋ አድርጌ ብረቱ ጋ ደረስኩና ቁልቁል አየሁ። የእግሬ ጣቶች ጫማዬ ውስጥ ተጨማደዱ። ታች አንዲት ሴት ሐብሐብ ታቅፋ መንገድ ትሻገራለች። ሐብሐቡ የኮት ቁልፍ ያህል ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ልብስ ስሰፋ ኖሬ እንዲህ ያለ አረንጓዴ ቁልፍ አላየሁም። ሳቄ መጣ። ብቻዬን፣ እርጥብ ብርድ ልብስ እንደታቀፍኩ፣ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅኩ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ወጣሁ።

አንተ የምትፈራውንም አልሸሽገውም። ከፍታ ሰውን ይጠራል። አንድ ከሰዓት በኋላ ብረቱን ይዤ ሳለሁ “ብለቀውስ?” የሚል ሐሳብ ሽው አለብኝ። ላብ አጠመቀኝ። ገብቼ ወለሉ ላይ ዘፍ አልኩ። በማግስቱ ግን ተመልሼ ወጣሁና እዚያው ቦታ ቆሜ ጮክ ብዬ “አይሆንም!” አልኩት። ከዚያ ወዲህ ደፍሮ አልመጣም። ቢመጣ መጀመሪያ የምደውለው ላንተ ነው፤ ይኼን ቃል እሰጥሃለሁ። ነገር ግን “አይሆንም” ያልኩት እኔ ነኝ፤ ያንተ ቁልፍ አይደለም።

አንተ በሄድክ ሳምንት ሕንፃውን ሊቀቡ መጡ። በገመድ በሚንጠለጠል የብረት መቆሚያ እየወጡ በሳሎኔ መስኮት በኩል ሲያልፉ ሻይ አቀብላቸው ነበር። አንድ ቀን አለቃቸውን፦

“ልጄ፣ እስቲ አንዴ መቆሚያው ላይ አሳፍረኝ” አልኩት።

“እማማ፣ ከሥራ ሊያስባርሩኝ ነው?”

“ቀበቶ የላችሁም?”

“አለ።”

“ሄልሜትስ?”

“እሱም አለ።”

“ታዲያ ምን ጎደለ?”

“ዕድሜዎ ነዋ።”

“ዕድሜማ ሞልቶ ተርፎኛል” አልኩት። ጓደኞቹ ሲስቁ እሱም ተሸነፈ።

ሥራቸውን የጨረሱ ዕለት ታች ወርጄ፣ አለቃቸው ቀበቶውን በእጁ አስሮልኝ፣ ሄልሜቱን በሻሼ ላይ ደፍቼ ተሳፈርኩ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስንደርስ “ምነው ባልመጣሁ” አልኩ በልቤ። አምስተኛው ላይ ነፋሱ ሲያወዛውዘን ዓይኔን ጨፈንኩ። ሰውየው “እንመለስ እንዴ እማማ?” ሲለኝ ራሴን ወደ ላይ ነቅንቄ “ውጣ” አልኩት። “መስኮትዎን አለፍን” አለኝ። የጣሪያው ጠርዝ ላይ ስንደርስ ዓይኔን ገለጥኩ።

ፈራሁ ልጄ። ከእግሬ በታች ባዶ አየር ነው፤ ከዚያ በታች መኪናው፣ ሱቁ፣ የተሰጣው ልብስ፣ የሰው አናት ብቻ። ጎረቤታችን እጇን ራሷ ላይ ጭና መሐል መንገድ ላይ ቆማለች። ስታበቃ ደውላልህ ይሆናል። እኔ ግን ያን ጊዜ ያህል መኖር አምሮኝ አያውቅም። ብረቱን የጨበጥኩት እጄ እስኪያልበው ድረስ ነው፤ መሞት የፈለገ ሰው እንዲያ አይጨብጥም። ለጥያቄህ መልሱ ይኼ ነው። ቁልቁል የማየው፣ እዚያ ቆሜ ሳይ የራሴ ሕይወት ስለምታሳሳኝ ነው።

ስለዚህ ከዚህ አውጥተህ ልታኖረኝ ግቢህ ውስጥ ያሳደስክልኝን ክፍል ለሌላ አከራየው። ዕቃ ጫኞቹንም አትላካቸው፤ በሩን አልከፍትላቸውም። ስለምትወደኝ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔም እወድሃለሁ። ብወድህም ግን አልታዘዝህም።

ልትጠብቀኝ ሳይሆን ልትጠይቀኝ ና። በረንዳው ላይ አብረኸኝ ትቆማለህ። ሳስበው፣ አንተም እዚያ ብረት ጋ ስትደርስ አይቼህ አላውቅም። በሩን እንኳ የቆለፍከው ወደ ውጭ ላለማየት ፊትህን አዙረህ ነው። ብትፈራ አትፈር፤ እጄን ያዘኝ። እኔ ግን አልወርድም።

የዘጠነኛ ፎቋ እናትህ