የነቀነቀ፣ የተነቀነቀ፣ ያስነቀነቀ

ሐሙስ

ኳሷ ወደ ላይም ወደ ታችም አልሄድ አለች። ሁለት ችንካር መሃል ተወሽቃ ቀረች፤ ሰው ሁሉ ዞሮ እኔን አየ። ዳኛዋ እኔ ነኛ! የሻይ ቤቱ ባለቤት ኦቦ ቶለራ «አዴ ዘውዴ፣ ሁሉም የሚፈራው እርስዎን ብቻ ነው» ብሎ ሾመኝ። እውነቱን ነው። ግማሾቹን የአማርኛ ሰዋስው ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ።

ማሽኑን ፍሊፐር ይሉታል። መስታወት የለበሰ ሣጥን ነው። በጎኑ ያሉትን ቁልፎች ሲጫኑ ሁለት መቅዘፊያዎች የብረት ኳሷን ወደ ላይ ይመልሷታል፤ እስክትወድቅ ነጥብ ይለቀማል። ዕድሜው ከቶለራ ይበልጣል፤ ግትርነቱም። ሦስት ከተሞች፣ አምቦ፣ ባኮና ካቺሲ፣ ይወዳደሩበታል፤ ያሸነፈው ማሽኑን ይዞ ይሄዳል።

ፈረድኩ፦ መስታወቱ ይከፈት፣ ኳሷ ወደ መነሻዋ ትመለስ፣ ነጥብ አይነካ። ማታ ካቺሲዎች ተሸንፈው ወጡ። አምቦና ባኮ ቀሩ።

ለአምቦ የምትጫወተው ጫልቱ ናት፤ የእህቴ የልጅ ልጅ፣ አብራኝ የምትኖር። ለእሷ ብፈርድ ለዘመድ አደላች እባላለሁ። ባልፈርድላት ቤቴ ውስጥ የማወራው ከድመቷ ጋር ነው።

ዓርብ

ከድመቷ ጋር እያወራሁ ነው።

ጫልቱ ጫማዋን ልታስር ጎንበስ ባለችበት ማሽኑ በራሱ ጊዜ ተንጫጫና ነጥብ ጨመረላት። «እማማ፣ ስጦታ ነው!» አለች። ሰረዝኩት። ነጥብ የሚገኘው በሥራ ነው። «ታዲያ ማሽኑን ተጫዋች ብለው ይመዝግቡት!» ብላ እራቷን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ በላች።

ቅዳሜ

ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፦ «ማሽኑን የነቀነቀ ተጫዋች ኳሷን ያጣል።» ሲነቀነቅ ማሽኑም ያኮርፋል፤ መብራቱን አጥፍቶ ዝም ይላል።

የባኮው ገመቹ የመጨረሻ ኳሱን እየተጫወተ ነው። ጫልቱ ትመራለች። ኳሷ ልትወድቅ ስትል ደጅ የቆመ የጭነት መኪና አጓራ። ብርጭቆው ተንቀጫቀጨ፤ ማሽኑ አኮረፈ። አምቦዎች «ነቀነቀ! ነቀነቀ!» አሉ።

እጁን እያየሁት ነበር። ከቁልፎቹ አልተነሳም። ደንቡ «የነቀነቀ» ይላል፤ እሱ ግን የተነቀነቀበት ነው። ኳሷ ትደገም አልኩ። ተደገመች። አሸነፈ። ጫልቱ በሩን ወርውራ ዘግታ ወጣች።

ወዲያው የገመቹ ታላቅ ወንድም የመኪና ቁልፍ በጣቱ እያሽከረከረ ገባ። ለካ ሹፌሩ እሱ ነው፤ ማሽኑን ሊጭን ነው የመጣው። «ኳሷ ስትወርድ በበሩ አየኋታ! ሞተሩን ባላስጮኸው አልቆልን ነበር» እያለ ይስቃል።

ቶለራ ፊቱ ገርጥቶ ጠጋ አለኝ። «አዴ፣ ‹ያስነቀነቀም› ብለው ይጨምሩበት። እስክሪብቶ ይኸው።»

ፈተና ከተሰጠ በኋላ ጥያቄ አይጨመርም አልኩት። ግን ማሽኑ እንዳይጫን አዘዝኩ። ገመቹን ሳልጠይቅ ምኑን ዳኛ ሆንኩ?

እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ገመቹን አስጠራሁት። ወንድምህን አዘኸዋል ወይ አልኩት።

«አላዘዝኩትም፣ ቲቸር።» አንገቱን አከከ። «ግን እንደሚያደርገው አውቅ ነበር።»

ለዚህ የሚሆን የግስ እርባታ አላስተማርኩም። የለምም። ስለዚህ ገመቹና ጫልቱ አንዳንድ ኳስ እንዲጫወቱ ፈረድኩ፤ መኪናው ከድልድዩ ማዶ ይቁም። ሹፌሩ አጉረመረመ። ቀና ብዬ ሳየው ሄደ።

ገመቹ ጥሩ ተጫወተ። ጫልቱ ልትደርስበት ትንሽ ሲቀራት መብራት ጠፋ። የከተማው! መቅዘፊያዎቹ ሞቱ፤ ኳሷ ቀስ ብላ ወርዳ ገባች።

ባኮዎች «ወደቀች!» አምቦዎች «አልወደቀችም!» ጫልቱ ከዓርብ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

መብራት ኃይል ተጫዋች አይደለም፤ ነጥቧ እንዳለ ይቆይ፣ መብራት ሲመጣ ኳሷ ትደገም አልኩ። ገመቹ ትንሽ አሰበና «የእኔም ተደግሞልኝ የለ?» አለ።

ይህን የምጽፈው እዚያው ተቀምጬ ነው። መብራቱ አልመጣም። ሁለቱ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ያሙኛል። ገመቹ ድምፄን አስመስሎ «ነ-ቀ-ነ-ቀ፣ ሦስተኛ መደብ!» ሲል ጫልቱ «ቤት ውስጥ ደግሞ ባየሃት!» ብላ ከት ብላ ሳቀች።

ሦስተኛ መደብ ማለቱ ትክክል ነው። መብራቱ ትንሽ ቢቆይ አልጠላም።