ለኬረንዳ አረንጓዴ ሣር የቀረበ የዋራቢል ምስጋና

ለክቡር ሚስተር ክሬግ ኦሊፋንት
የኬረንዳ-ዋራቢል ኅብረት እግር ኳስ ክለብ ፕሬዚዳንት

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ከርመዋል? በወጣትነትዎ የተጎዳው ጉልበትዎ የሰኔ ብርድ በገባ ቁጥር እንደሚነሳብዎ አውቃለሁና፣ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና ከሁሉም በላይ በዚህ ሁሉ የድርቅ ዘመን አንድም ቀን ውሃ ተነፍጎት ለማያውቀው ለሜዳዎ ሣር ፍጹም ጤንነት እመኛለሁ። እኔ ደህና ነኝ። የዋራቢል ሜዳም ደህና ነው፤ እሾሁ ዘንድሮ አምሮበታል፣ በጎል ምሰሶዎቹ መካከልም የጎረቤቴ በጎች ያለ ምንም ተከላካይ በነፃነት ይገባሉ ይወጣሉ።

በቅርቡ ጸሐፊዎ ደውለው፣ ክለቡ ለሚያሳትመው የመታሰቢያ መጽሔት የሁለቱ ከተሞቻችን ክለቦች ከመዋሃዳቸው በፊት ስለነበረው የዋራቢል ዘመን “አንድ ጣፋጭ ትዝታ” በአንድ ገጽ እንድጽፍ በትሕትና ጠይቀውኛል። እኔን የመሰለች አሮጊት ታስታውሳለች ብላችሁ በማሰባችሁ ልቤ ተነክቷል። ነገር ግን ትዝታዬ አንድ ገጽ አልበቃው ስላለና ጣፋጭነቱም እያደር ስለተለወጠብኝ፣ በወረዳችን ጋዜጣ በኩል በግልጽ ልጽፍልዎ ተገድጃለሁ። ድፍረቴን በሆደ ሰፊነትዎ ይለፉልኝ።

አንደኛው ትዝታዬ የታናሽ እህቴ የኤልስፔት ነው። አባታችን ስንዴ አራሽ ነበር፤ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ግን ዝናብ ደመናውን ይዞ ቢመጣ እንኳ ትራክተሩ ከቦታው አይነቃነቅም፤ ሁላችንም ቀይና ጥቁራችንን ለብሰን ቀበሮዎቹን፣ የዋራቢልን ቡድን፣ ልንደግፍ ወደ ሜዳ እንወርዳለን። በዚህ ቤት ያደገችው ኤልስፔት፣ በዋራቢል ወንድ የጠፋ ይመስል፣ ለኬረንዳ ሻርኮች በተከላካይነት የሚጫወተውን ሬክስ ቦልተንን አገባች። (ከባሕር የአንድ ቀን መንገድ ርቆ የሚኖር ሕዝብ ራሱን ሻርክ ብሎ የሰየመበትን ምክንያት እስካሁን የሚያስረዳኝ አላገኘሁም፤ ድፍረቱን ግን አደንቃለሁ።) ከሠርጉ በኋላ በነበረው የመጀመሪያው ግጥሚያ እህቴ ሰማያዊና ነጭ ሻርፕ ጠምጥማ ከሜዳው ማዶ ከሬክስ መኪና አፍንጫ ላይ ተቀምጣ እጇን አውለበለበችልን። እናታችን መለሰችላት። አባታችን ጨዋታውን እያየ፣ “ያቺ ደግሞ ማናት?” አለ።

ኤልስፔት ይህን እስከ ዛሬ እየሳቀች ታወራዋለች። እኔ አልስቅበትም፤ ምክንያቱም ከዚያን ቀን ጀምሮ ለእህቴ የተሸነፈችበት ቅዳሜ የሚባል ነገር ቀረ። እኛ ስናሸንፍ የዋራቢል ልጅ ነበረች፣ እናንተ ስታሸንፉ የኬረንዳ ሚስት። እኔ አንድ ቡድን ብቻ ነበረኝ፤ ሲሸነፍ የምሸሽበት ሌላ ቤት አልነበረኝም።

ሁለተኛው የ1981 የፍጻሜ ጨዋታ ነው፤ እርስዎም ሜዳ ውስጥ ስለነበሩ የረሱት አይመስለኝም። ውጤቱ እኩል ለእኩል ነበር። ኔቪል ስትራህን፣ በእህል ጎተራው የሚሠራው ያ ረጅሙ አጥቂያችን፣ ኳሷን ከሰው ሁሉ ራስ በላይ ቀልቦ መሬት ሲረግጥ የማብቂያው ሳይረን ጮኸ። በእኛ አገር እግር ኳስ ኳሷን በእጅ መያዝ የተፈቀደ ነው፤ ቀልቦ የያዛትንም ሰው ሳይረን ከመምታት አይከለክለውምና ሕዝቡ ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ። በሁለቱ ረጃጅም ምሰሶዎች መካከል ቢያሳልፋት ስድስት ነጥብ፣ ለጥቂት ቢስት ደግሞ አንዲት ነጥብ ናት። ኔቪል መታት። ሞላላዋ ኳስ በአየር ላይ እንደ ሰካራም ተወላግዳ ምሰሶውን ገጨችና ወደቀች።

የኬረንዳ ሰው መሳቱን አይቶ በደስታ ዘለለ፣ ባርኔጣውንም ወረወረ። ደስታችሁ ሒሳባችሁን ቀድሞት ነበር። የሳተም ቢሆን አንዲት ነጥብ እንደምታመጣ፣ እኩል በሆነ ውጤት ላይ ደግሞ አንዲት ነጥብ ዋንጫ እንደሆነች እስክታስታውሱ ድረስ ባርኔጣዎቻችሁ አየር ላይ ነበሩ። ያን ባርኔጣ ሲለቀም ማየት በሕይወቴ ካየኋቸው ውብ ነገሮች አንዱ ስለሆነ፣ ለዚህ ከልብ አመሰግናለሁ።

አባታችን ሜዳውን አቋርጦ ወደ ኤልስፔት ሄደ፤ እኔም ተከተልኩት። እህቴ እያለቀሰች፣ “ስታችሁ እኮ ነው ያሸነፋችሁን!” አለችው። ከሠርጉ ወዲህ ስለ ኳስ አንድም ቃል ተናግሯት የማያውቀው አባቴ ኮቱን አውልቆ ትከሻዋ ላይ ጣለና፣ “እኛስ ስተን አሸነፍን፤ አንቺ ግን አግብተሽ ተሸነፍሽ” አላት። ሬክስ ራሱ ሳቀ። ያን ኮት ኤልስፔት አልመለሰችም፤ ዛሬም ቁም ሣጥኗ ውስጥ ነው። እኔ ያሸነፍኩ ዕለት ብርድ ስላልመታኝ ኮት የሚደርብልኝ አላስፈለገኝም መሰለኝ።

እንግዲህ ጸሐፊዎ በላኩልኝ የመጽሔቱ ረቂቅ ላይ ያ ፍጻሜ “ለጥቂት ያመለጠን ዋንጫ” ተብሎ ተጽፏል። ከውህደቱ ወዲህ “እኛ” ስትሉ እኔንም እንደሚጨምር በአደባባይ ስለተነገረኝ፣ በዓይኔ ያየሁትንና ያሸነፍኩትን ጨዋታ ከብዙ ዓመት በኋላ ተሸንፌአለሁ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ተአምር በስፖርት ታሪክ ውስጥ የተደረገ ስለማይመስለኝ እንኳን ደስ አለዎት። ኔቪል ስትራህን በሕይወት ስለሌለ ዜናውን ለእሱ የማድረሱን ኃላፊነት ለእርስዎ ትቼዋለሁ።

ሦስተኛው፣ ውሃ። ወንዙ በእናንተ በኩል እንዲያልፍ ያደረገው እግዚአብሔር ስለሆነ በዚህ ክለቡን አልወቅስም። ድርቁ ሲበረታ የእኛ ሜዳ ተሰነጣጠቀ፤ ተጫዋች ሲወድቅ ጉልበቱ እንደ ድንች ይላጥ ነበር። ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፣ ወጣቱ ሥራ ፍለጋ ወደ ሜልበርን ወረደ፣ በመጨረሻም ሥጋ ሻጩ ከነቦርጩ ከገዛ ልጁ ጋር በአንድ መስመር ይሰለፍ ጀመር። ያን ጊዜ ነበር እርስዎ አዳራሻችን ድረስ መጥተው ስለ “እኩልነት ጋብቻ” ያማረ ንግግር ያደረጉልን። ጋብቻው ተፈጸመ፤ ሜዳው ሣር ስላለው የእናንተ፣ ስሙ በፊደል ተራ ስለሚቀድም መጀመሪያ የእናንተ፣ ዓርማው ሻርክ፣ መዝሙሩም ስለለመዳችሁት የእናንተው ሆነ። ለዋራቢል ደግሞ በማሊያው እጅጌ ጫፍ ላይ ቀይና ጥቁር ክር ተሰጣት። ስለ ክሩ አመሰግናለሁ፤ መነጽሬን ሳደርግ ይታየኛል።

እኔም በዚያ ስብሰባ እጄን አውጥቼ ደግፌአለሁ። ሌላው ምርጫ ቅዳሜን ቤት መዋል ነበርና።

ይህ ሁሉ ቅናት ነው የሚሉኝ አሉ። አዎን፣ ቅናት ነው። በመንገዴ ሳልፍ የውሃ መርጫችሁ በሣሩ ላይ እየዞረ ሲያብለጨልጭ ሳይ፣ ባሏ የሌላ ሴት ቤት ሲያሠራ እንደምታይ ሚስት ያደርገኛል። አሮጊቶቻችሁ እናቶቻቸው በተቀመጡበት ቦታ ተቀምጠው ሲያዩ ያስቀናኛል። ልጆቻችሁ አያቶቻቸው የወደቁበትን ጥግ በጣታቸው ማሳየት ሲችሉ ያስቀናኛል። እኔ ለማሳየት መጀመሪያ በጎቹን ማባረር አለብኝ።

ከዚህ በኋላ ያለውን መቁጠር ትቻለሁ፤ ቁጥር ለአሸናፊዎች ነው።

ከውህደቱ በኋላ በነበረው የመጀመሪያው ጨዋታ ማልጄ ደርሼ መኪናዬን ከአጥሩ ሥር፣ ከኤልስፔትና ከሬክስ መኪና ጎን አቆምኩ። ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሰ አስተባባሪ መጥቶ መስኮቴን በጨዋነት አንኳኳና፣ “ይቅርታ እናቴ፣ እዚህ ጋ የነባር አባላት ቦታ ነው” አለኝ። እሱ ሳይወለድ ኳስ ሳይ የኖርኩ ሴት አዲስ መጤ መሆኔን ያን ዕለት ተረዳሁ፤ እንዲህ በእርጅና ዘመኔ እንደገና ወጣት ስላደረጋችሁኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ባለው ከፍታ ላይ አቆምኩ። ኤልስፔት በመስታወቷ አየችኝ፤ የሻይ ኩባያዋን ከፍ አደረገችልኝ። በእኛ አገር ቡድኑ ጎል ሲያገባ ሜዳውን ከብቦ የቆመ መኪና ሁሉ ክላክስ ያደርጋል። እኔ በዚያ ሜዳ ላይ እጄ ክላክስ እንደማይነካ ለራሴ ማልኩ፤ ለብዙ ዓመታትም መሐላዬን ጠበቅሁ።

ታዲያ አሁንም ለምን ትመጫለሽ ቢሉኝ፣ በልጅ ልጄ በቴጋን ምክንያት ነው። ቴጋን በሴቶቹ ቡድን መጫወት ከጀመረች ሁለተኛ ዓመቷ ነው። ዋራቢል ሲጫወት አይታ አታውቅም፤ የእናንተን ሜዳ “ሜዳችን” ነው የምትለው፣ እኔም አላርማትም። ከኤልስፔት የልጅ ልጆች አንዱ ባሕሩ ላይ በሰሌዳ ቆሞ ማዕበል ይጋልባል፣ ሌላዋ ፒያኖ ትመታለች፤ ኳስ የሚወድ አልወጣላትም። ስለዚህ የእኔን ወሰደች። ቤቷ ለሜዳው ቅርብ ስለሆነ ቴጋን ከልምምድ በኋላ እዚያ ነው የምታርፈው፤ ፀጉሯን የምትጎነጉንላት ኤልስፔት ናት፣ ስለ ሰማንያ አንዱ ፍጻሜ ያወራቻትም ኤልስፔት ናት። ከተሸነፈ ሰው አፍ የሰማችውን የድላችንን ታሪክ ልጅቷ ለእኔ መልሳ ስትተርክልኝ አፌን ይዤ አዳመጥኩ። እህቴ አንዲት ቃል አላጎደለችም፤ ይህም አናደደኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ቴጋን በሕይወቷ የመጀመሪያውን ጎል አገባች። ከግራ ጥግ፣ ጠባብ ከሆነ ቦታ ላይ ቆማ ነበር፤ ካልሲዋን ከፍ አደረገች፣ ጥቂት ወደ ኋላ አለች፣ መታቻት። ኳሷ አልተወላገደችም። በሁለቱ ረጃጅም ምሰሶዎች መካከል እንደ ገዛ ቤቷ ገባች።

መጀመሪያ የጮኸው የኤልስፔት ክላክስ ነበር። ከዚያ የሜዳው ዙሪያ በሙሉ ተቀበላት። የእኔ እጅ መሪው ላይ ነበር። አባቴ ትዝ አለኝ፣ እሾሃሙ ሜዳም ትዝ አለኝ፤ ደግሞ ልጅቷ አንገቷን ወደ መጸዳጃ ቤቱ በኩል አዙራ እኔን ስትፈልግ አየኋት። ሌላው ሁሉ ጮሆ ካበቃ በኋላ ክላክሱን ተጫንኩት። ከዚያም እጄን ማንሳት አቃተኝ። ኳሷ መሃል ሜዳ ተመልሳ ጨዋታው ሲቀጥልም የእኔ መኪና ይጮህ ነበር። ያ ባለ ሰደርያው አስተባባሪ እየሮጠ መጥቶ፣ “እናቴ፣ ተጣብቆ ነው?” አለኝ። “አዎ” አልኩት፣ “ተጣብቆ ነው።”

ጨዋታው ሲያልቅ ቴጋን ጭቃዋን ይዛ በመስኮቴ አንገቷን አስገባች። “አያቴ፣ የመጨረሻው ያንቺ ነው አይደል?” አለችኝ። ኤልስፔትም በከዘራዋ እየተደገፈች ከኋላዋ ደረሰችና ለእኔ ሳይሆን ለልጅቷ፣ “የሷ ነው፤ ሁልጊዜም ዘግይታ ነው የምትጮኸው” አለቻት። ከዚያ እንደ ልማዳቸው ሻይ ሊጠጡ ተነሱ። እኔም ተጋበዝኩ። ሄድኩ። ኬኩ ደረቅ ነበር።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ለመጽሔትዎ የሚሆን ጣፋጭ ነገር ከዚህ ውስጥ ካገኙ ቆርጠው ይውሰዱ፤ ቆርጦ መውሰድ እንደሚያውቁበት አይተናል።

ሣርዎ እንደለመለመ፣ ወንዙም ከእናንተ ወገን እንደሆነ ይቆይልዎ ዘንድ እየተመኘሁ፣ በማሊያው እጅጌ ጫፍ ላይ ለምትገኘው ቀጭን ክር ሙሉ በሙሉ ታማኝ፣ ለተቀረው የማሊያው ክፍል ደግሞ ጨዋነት በሚፈቅደው መጠን ተገዥ የሆንኩ፣

ሎርና ፓስኮ
ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ

ማሳሰቢያ፦ የባለፈው ቅዳሜ ጩኸት ለልጅቷ ብቻ የተደረገ ስለሆነ ለክለቡ እንደ ድጋፍ እንዳይያዝብኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። በዚህ ሳምንት ደግሞ መካኒኩ ከአንድ አሮጌ የእህል መኪና የተፈታ ክላክስ ገጥሞልኛል፤ ሲሞክረው ውሾቹ ሸሹ። በመጪው ቅዳሜ እህቴ እንደማትቀድመኝ እርግጠኛ ስለሆንኩ፣ ነባር አባላትዎ ለጆሯቸው ጥጥ ይዘው ቢመጡ መልካም ነው።