የአባባ መግቢያ

ለወንድምዓለም፣

እንደምን ሰነበትክ? ጤናህስ? ሶሮንግ ከተማ እንዴት ይዞሃል? እኛ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሕይወት አለን። ደህና ነን ብዬ ግን አልዋሽህም።

ከደሴት ደሴት እየዞረ የየአገሩን ወግ የሚጽፈውን ሽማግሌ ፈረንጅ፣ ነዳጅ ልቅዳ ብለህ እኛ ዘንድ ጥለኸው ከሄድክ ወዲህ ጉድ ፈላ። የዘጋነው ባሕር ተሰረቀ! እኛ ሴቶቹ የዘንባባ ቅጠል አስረን፣ ጸልየንበት፣ ለልጆቹ ትምህርት ብለን ሁለት ዓመት ያልነካነው የባሕር ቀንድ አውጣ ተለቅሞ ሄደ። ትልልቁ አንድም አልቀረ።

ሰዉ ሁሉ ሌባው ፈረንጁ ነው አለ። እኔም ጠርጥሬው ነበር። ቅጠሉን ማን ያስራል፣ ባሕሩ መቼ ይከፈታል እያለ ሲያደርቀን ነበር የከረመው። የሴቶቹ አለቃ ማማ ኦርፓ ደግሞ ሻንጣውን አስበረበረችው። የተገኘው ካልሲ ብቻ! እሷ ግን፣ "ካልሲውን እንዲህ አሳምሮ የሚያጥፍ ወንድ እኔ አላምንም" ብላ ድርቅ አለች። ሰውዬው የሳጎ ገንፎው አልወርድ ብሎት እንባው ሲመጣ አንጀቴን በላው።

ከዚያ ውሃው ሲጎድል በእግሬ ሄጄ ቦታውን አየሁት። የባሕሩ ጠባቂዎች የሚተኙት ውሃው ሲጎድል ነው፤ በጎደለ ውሃ ጀልባ ኮራሉን፣ ያን ስለታም የባሕር ድንጋይ፣ ሳይነካ አያልፍማ። ኮራሉ ላይ ግን አንዲት ጭረት የለም። አባባ በኮራሉ መሃል በሚያውቀው ስውር መግቢያ ካልሆነ በቀር እንዲህ አይገባም። አባባ ደግሞ ያሳየው ለእኔና ለአንተ ብቻ ነው። እኔ በዚህ በገፋ ሆዴ ጀልባ ላይ አልወጣሁም።

ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። እሁድ ሁላችንም እጃችንን መጽሐፉ ላይ ጭነን፣ "ሌባውን አላውቅም" ብለን እንምላለን። ፈረንጁ ዛሬውኑ ልማል ብሎ ለምኗል፣ ምስኪን። በሐሰት ከማለ ሰው ባሕሩ ልጁን እንደሚወስድ ታውቃለህ፤ የእኔም የመውለጃ ቀን ደርሷል።

ለጀልባህ አዲስ ሞተር ገዛህ አሉኝ። እንኳን ደስ ያለህ። በእሱ ከተነሳህ ከእሁድ በፊት ትደርሳለህ።

የአባባ አምላክ መንገድህን ያቅናልህ፣ ልብህን ያራራልህ። እኔ ወንድሜን አሳልፌ አልሰጥም። ካልመጣህ እምላለሁ።

አዝላ ያሳደገችህ እህትህ